ሲኒው ሲንጫጫ፣ ልብሱ ሲወዛወዝ

መሬት የተንቀጠቀጠው ከሰዓት በኋላ ነበር። ቡፌው ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንጫጩ። ከጨለለቅቱ ቡና ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ በበራችን ሲያልፍም ይንጫጫሉና መጀመሪያ ልብ አላልኩም፤ መንገዱን ሳየው ግን ባዶ ነው። ጎረቤቴን ብጠይቃት የእሷም ብርጭቆ ተንጫጭቷል። የሚቀጥለው ቤትም እንደዚያው። ስለዚህ ዲላ በሙሉ እንዲህ ሆኗል ብዬ ደመደምኩ። ልጄ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ስልኩ እምቢ ሲለኝ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ደረጃው ሥር አገኘኋት።

«ምን ተሰበረ?»

«ምንም። ያሰጣሁት ልብስ ተወዛወዘ፣ በቃ።»

«ሲኒያችሁስ?»

«ዝም ብሎ ተቀምጧል። እማ፣ ለሲኒ ነው እንዴ የመጣሽው?»

እንዳልፈራ የምትዋሸኝ መሰለኝ። ቅዳሜ ዕቃሽን ይዘሽ ቤት ግቢ አልኳት።

ግቢያችን ውስጥ ስለ መሬት የሚያስተምር መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ቤት ስመለስ ጫማውን ሲያጥብ አገኘሁት።

«መምህር፣ ልጄ ዋሽታኛለች?»

«አልዋሸችም፣ እትዬ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ፈጣኑና ዝግ ያለው ንዝረት አብረው ነው የሚመጡት። ሲኒ የሚያንጫጫው ፈጣኑ ነው። እሱ እርስዎና ጎረቤትዎ ቤት ይመሳሰላል፣ ትንሽ ራቅ ሲሉ ግን ይለያያል። ዝግ ያለው ሩቅ ድረስ ይመሳሰላል፤ ፎቅ የሚያወዛውዘውም እሱ ነው።»

«የእኔ ሲኒ ስለ እሷ ምንም አይነግረኝም ማለት ነው?»

«እምብዛም። አምፖልዎ ተወዛውዞ እንደሆነ ግን፣ እሷም ጋ ተመሳሳይ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።»

አምፖሉን አላየሁትም ነበር። ሲኒ እየተንጫጫ ማን ቀና ይላል?

«ፎቁ ይወድቃል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እኔ የምገምተው ሁለት ቦታ ምን ያህል አብሮ እንደሚነቃነቅ ነው።»

«ቤት ላምጣት ታዲያ?»

ጫማውን አስቀመጠና የጭቃ ቤቴን አየ። «ዝቅ ያለ ቤት የሚያስቸግረው ደግሞ ፈጣኑ ነው» አለኝ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። እዚያ ብተዋት ዝግ ያለው አለ፤ እዚህ ባመጣት ፈጣኑ። ከየትኛው ነው የማሸሻት? ጎረቤቴን እንዳልጠይቅ እሷም የምታውቀው የራሷን ብርጭቆ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ልጄ ፍራሿን ተሸክማ መጣች። ሲኒዎቹን ከቡፌው አውርጄ ወለሉ ላይ ደርድሬ፣ ሮጦ ለመውጣት እንዲቀላት አልጋዋን በሩ አጠገብ አድርጌ ነበር።

«እዚህ ብርድ አይገባም?» አለች።

«ይገባል» አልኳት፤ ሌላ ብርድ ልብስም ሰጠኋት።