ከመስቀሉ በላይ ያለው አረንጓዴ

የሰፈራችን ፕላን በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ነዋሪው አይቶ አስተያየት ይስጥ ተብለን ሄድን። የተማርሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል እለያለሁ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ግን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ መስቀሉን ፈለግሁ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ቤቴ ከዚያ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጣቴን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ወሰድሁት። አረንጓዴ ቀለም ላይ አረፈ። ጥግ ላይ የቀለሞቹ ትርጉም ተጽፏል፤ ፊደል እየቆጠርሁ አነበብሁት። «መናፈሻ» ይላል። «ቤቴ ሊፈርስ ነው» አልሁ።

አብረውኝ የመጡት ጎረቤቴ በዕድሜ ይበልጡኛል።

«አይዞሽ፣ አግዳሚ ያስቀምጡልሻል፤ በገዛ ጓሮሽ ቁጭ ብለሽ ትናፈሻለሽ» አሉኝ።

«እርስዎ ይቀልዱ። ሦስት ልጆቼን የት ላድርጋቸው?»

ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለን ያ ቤት ብቻ ነው። ከአገራችን ከቁይ የመጣን ጊዜ ጭቃውን ሁለታችን ረግጠን የሠራነው ነው።

ሁለት ቀን እጄ ሥራ አልይዝ አለ። ምስር ጥጄ እረሳለሁ። ከተማው መንገድና ዛፍ፣ ለልጆችም መጫወቻ እንደሚያስፈልገው አላጣሁትም። ግን ያን ቀለም የቀባው ሰው ከሥሩ ምድጃ እንዳለ ያውቅ ይሆን እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን የይዞታ ማረጋገጫዬን በፌስታል ጠቅልዬ ተመለስሁ። ፕላኑን የምታስረዳው ወጣት መሐንዲስ ወረቀቴን አየችው።

«እናቴ፣ ቤትዎ የቱ ጋ ነው ያሉኝ?»

አሳየኋት።

«ለምን ወደ ላይ ሄዱ?»

«ምሥራቅ ፊት ለፊት ነዋ። ስንጸልይስ ወዴት ነው የምንዞር?»

አልሳቀችብኝም። ጣቴን ይዛ ከመስቀሉ ወደ ቀኝ ወሰደችው። «ፕላን ላይ ከላይ ያለው ሰሜን ነው። ምሥራቅ ይኸ ነው።» ጣቴ ቢጫ ላይ ቆመ። «ቢጫው መኖሪያ ነው። መንገዱም ከአጥርዎ ውጭ ነው የሚያልፈው።»

እልል ልል ነበር፣ ተውሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ኖሯል።

«እንግዲህ አረንጓዴው የኔ ነው ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

መሐንዲሷ ፕላኑ ገና እንዳልጸደቀ ነገረቻቸውና ቅሬታቸውን ለመጻፍ ወረቀት አወጣች። ተጽፎ እስኪያልቅ አብሬያቸው ቆምሁ። ሌላ ምን ላደርግላቸው እንደምችል አላወቅሁም።

ቤት ስደርስ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገብተዋል። ነጠላዬን አውልቄ ተቀመጥሁና «ቤታችን አይነካም፤ እዚሁ ነን» አልኋቸው።