ሙሄዲን ዘንግ የመረጠ ለት

ባሌ ሙሄዲን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው። ሸጋ ሰው ነው፣ አልዋሽም፤ ግን እልኸኛ! እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል የእኔን ሰውዬ አይተው የተናገሩት ይመስለኛል። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ባዞረ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ አንድ ቀን የሚኒባስ በር ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ተዘጋበት። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቱ ግን አልታጠፍ አለ። አውራ ጣቱ የማይታጠፍ ሰው ደግሞ መቀስ አይዝም።

«እኔ ልቁረጥልህ፣ አንተ ስፋ» አልኩት። ጨርቅ መቁረጥ ጎኑ ተቀምጬ ተምሬያለሁ። እሱ ግን ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ጣቴ ሲድን እከፍተዋለሁ» አለ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ተነስቶ ፒያሳ ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ያ ረቢ! ወንድ ልጅ ቤት ሲውል እንዴት ያስጠላል! ብናደድም ግን ፈራሁለት። ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ስለት የተሳለው። ነገሩ እንዲገባችሁ ወንድሙን ላስተዋውቃችሁ። ኮምቦልቻ የሚኖሩት ጋሼ ፈንታሁን የእናቱ ልጅ ናቸው። እናታቸው እማማ ብዙዬ መጀመሪያ ክርስቲያን አግብተው ፈንታሁንን ወለዱ፤ ባላቸው ሲሞቱ እስላም አገቡና ሙሄዲን መጣ። ሁለቱ ሐይቅ ዳር አብረው አደጉ። በበዓል ቀን ግን ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ትሪውም ለየብቻ ይቀርባል። በእኛ ሠርግ እንኳን ጋሼ ፈንታሁን የበሉት ክርስቲያኖቹ ዳስ ውስጥ ነው። ዓሣ ግን ማን ባረከው አይባልም። ልጆች ሳሉ በክርና በመንጠቆ አጥምደው፣ እዚያው ጠብሰው፣ ከአንድ ቅጠል ላይ ይበሉ ነበር። እንግዲህ ሙሄዲን ምን ብሎ ተሳለ? «አላህ እጄን ይመልስልኝ እንጂ፣ በዚሁ እጄ ያጠመድኩትን ዓሣ ከወንድሜ ጋር በአንድ ትሪ እበላለሁ።»

ከገበያ ገዝቼ ልጥበስላችሁ ስለው ተቆጣ። ሽሮ አብራችሁ ትበሉ የለ ወይ ስለው ደግሞ «ሽሮ ለስለት ይሆናል እንዴ?» አለኝ።

ወንድሜ ሱሌማን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። የሙሄዲንን ስለት ሰምቶ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ መጣና «አንዱ ያንተ ነው። ሌላውን ወልዲያ ላለ ሰው ቃል ገብቻለሁ። ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ሐይቅ ላይ እንገናኝ፤ ሞክረህ ምረጥ» አለው። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ጋሼ ፈንታሁን ደግሞ፣ ሌላው ይብላ አይብላ፣ በጾም ዓሣ አፋቸው አይደርስም። ያሉን ቅዳሜና የእሑዷ ቅበላ ብቻ ናቸው።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቆመን ሱሌማን አስረዳን። የአንደኛው ዘንግ ክር የተጠቀለለው ከላይ ነው፤ ሲወረውሩት መጠቅለያው አብሮ ይሽከረከራል፣ በአውራ ጣት ካልያዙት ክሩን ይተፋዋል። የሌላኛው መጠቅለያ ከሥር ተንጠልጥሏል፤ እሱ ሲወረውሩት አይሽከረከርም፣ ክሩን በሌባ ጣት ይዞ መልቀቅ ነው። ሱሌማን ገና ሳይጨርስ ሙሄዲን የላዩን አነሳ።

«ይሄ እንደ ስፌት መኪናዬ ነው፤ አውቀዋለሁ» አለ።

ወረወረ። መንጠቆው ውሃ ውስጥ ገባ፤ መጠቅለያው ግን አልቆመም። በአውራ ጣቱ ሊጫነው ቢሞክር ጣቱ እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ። ክሩ ተወሳስቦ ድመት የተጫወተችበት ልቃቂት መሰለ። ቁጭ ብዬ ፈታሁለት። ደግሞ ወረወረ፣ ደግሞ ተወሳሰበ፣ ደግሞ ፈታሁ። ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚስቅብን መሰለኝ።

«ያንን ሞክረው እንጂ፤ እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ» አለ ሱሌማን።

«አይሆንም! ያንን ካነሳሁ ጣቴ አልዳነም ማለት ነው። ካልዳነ ደግሞ ስለቱ የለም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አውራ ጣቱን ሲጠብቅ ሱቁም፣ ወንድሙም፣ እኔም ተቆልፎብን ልንቀር ነው። ንድድ አለኝ። የያዝኩትን ክር መሬት ላይ ጣልኩት።

«ስማ፣ ሙሄዲን! አላህን የለመንከው እጄን መልስልኝ ብለህ ነው። አውራ ጣቴን መቼ አልክ? እነዚህ አራቱስ የማን ናቸው? የጎረቤት ናቸው?»

ሱሌማን ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ሙሄዲን እጁን አገላብጦ አየው። አራቱን ጣቶቹን አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው። ወላሂ፣ ያለቅሳል ብዬ ነበር።

«አይ ምላስሽ!» አለኝና የሥሩን ዘንግ ተቀበለ።

የመጀመሪያውን እግሩ ሥር ጣለው። ቀጥሎ የወረወረው ሸንበቆ ላይ ተሰካ። በኋላ ግን መንጠቆው ራቅ ብሎ ገባ፣ ክሩም ቀጥ ብሎ ተከተለው። ብዙ ጠበቅን። ድንገት ዘንጉ ጎበጠ። በቀኝ እጁ ጭብጥ አድርጎ፣ በግራው ክሩን እያጠነጠነ፣ «ያዝኩት! ከሪማ፣ ያዝኩት!» እያለ እንደ ልጅ ጮኸ። የወጣው ቆሮሶ ዓሣ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። አልሃምዱሊላህ፣ ለእኔ በሬ ነው! ሱሌማን የላዩን ዘንግ ጭኖ ክላክሱን እያስጮኸ ወደ ወልዲያ ነጎደ፤ ሙሄዲን ሌላም ጨምሮ አጠመደና ወደ ደሴ ተመለስን።

እሑድ ጋሼ ፈንታሁን ከኮምቦልቻ መጡ። ዓሣውን ጠብሼ በአንድ ትሪ አቀረብኩ። እሳቸው በስመ አብ ብለው አማተቡ፣ እሱ ቢስሚላህ አለ። ሙሄዲን ጠቅልሎ ወንድሙን ሊያጎርስ ሲል ጉርሻው ከደረቀው ጣቱ አምልጦ ወደቀ። ክው አልኩ። በቃ፣ አሁን ተነስቶ ይሄዳል አልኩ።

ጋሼ ፈንታሁን ግን አፋቸውን እንደከፈቱ ጠበቁት። ሙሄዲን በአራቱ ጣቶቹ ሰብስቦ እንደገና አነሳና አጎረሳቸው።

«እናታችን ይህን ሳታይ!» አሉና እንባቸው መጣ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ!

ሲበቃቸው እጃቸውን አስታጠብኩ። ሙሄዲን እጁን አድርቆ ኪሱ ገባና የሱቁን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

«ነገ ገበያ ነው፤ በጠዋት ክፈቺው። መቀሱ መሳቢያው ውስጥ አለ። ታዲያ አጣመሽ እንዳትቆርጪብኝ!»

«አንተ ብቻ አቅንተህ ስፋ» አልኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።