ከመስገጃው ፊት ያለው ግድግዳ

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ እኛ ቤት አድረው አያውቁም ነበር። ልጃቸውን ካገባሁ ጊዜ አንስቶ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ብቅ ሲሉ በር ላይ ቆመው ደህንነታችንን ይጠይቁና «ከብቶቹ ብቻቸውን ናቸው» ብለው ይመለሳሉ። እናቴ ደግሞ እዚሁ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ናት። እሷም ሰልሜ ኒካህ ካሰርኩ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ሆዴ ሲገፋ ግን ሁለቱም ላኩብኝ። እሳቸው ልጁ ሲወለድ መጥተው እንደሚሰነብቱ፣ እሷ ደግሞ እሳቸው ባሉበት መጥታ ልጁን እንደምታቅፍ። ያ ቀን ከተበላሸ ሌላ ቀን እንደማይኖር ገብቶኛል።

የቀረው እንግዲህ ግድግዳው ነበር። ቤታችን የጭቃ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ጋዜጣ ለጥፈውበት ጋዜጣው ቢጫ ሆኖ ተልጧል፣ ከሥሩ ስንጥቁ አፉን ከፍቷል። እኔ ደግሞ ሰው ቤቴን ሲያይ ገላዬን ያየ የሚመስለኝ ሴት ነኝ። በስልኬ ላይ የሀብታሞች ሳሎን፣ ግድግዳው በአበባ ወረቀት የተለበጠ አየሁና ዋጋውን አስጠየቅሁ። ስሰማ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እጅ የለኝም እንዴ? ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ።

ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሕንፃ ከሚሠሩ ሰዎች የሲሚንቶ ከረጢት እየለመነ ያመጣልኝ ጀመር። የከረጢቱ የውጭ ወረቀት ጽሑፍ አለበት፣ የውስጡ ግን ንጹሕ ነው። አቧራውን አራግፌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ፍራሽ ሥር አስተኝቼ አቃናዋለሁ። ከዚያ ነጭ የውሃ ቀለም እቀባዋለሁ። ሲደርቅ ወለል ላይ ዘርግቼ፣ ሆዴን በአንድ በኩል አጋድሜ፣ በቀጭን ቡርሽ በአረንጓዴና በቀይ እሥላለሁ። ባለቤቴ ሲገባ ሲወጣ «ልጁ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚወለደው» እያለ ይስቅብኛል።

ስሥል ተጠንቅቄያለሁ። ሰላት የሚሰገድበት ቤት ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል አይሰቀልም። ይህን ማወቄም ያኮራኝ ነበር። ስለዚህ ወፍ የለ፣ ከብት የለ፣ ሰው የለ። ሰያፍ መስመር ብቻ፣ በመስመሮቹ መሐል ባለ አራት ቅጠል አበባ። ንድፉን ከየትም አልቀዳሁትም፤ እጄ ዝም ብሎ ይሄድልኝ ነበር። ዱቄት አፍልቼ ሙጫ ሠራሁ፣ አይጥ እንዳይበላው ሬት ጨመርኩበት፣ ለጠፍነው። ከሁሉም ያማረው በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ነበር። የእኛ አገር ቂብላ፣ የሰላት አቅጣጫው፣ ሰሜን ነው።

ወንድ ልጅ ወለድኩ፣ አልሃምዱሊላህ። አማቴ በገቡበት ቀን በሩ ላይ ቆም ብለው ግድግዳውን ዙሪያውን አዩት። «ማሻአላህ» አሉ። ልቤ ተነፋ። የሰላት ሰዓት ሲደርስ ውዱእ አድርገው መስገጃቸውን ወደ ሰሜን ዘረጉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ከጣሪያው ሥር ማገሩ ላይ ባሉ ሁለት ሚስማሮች ወጠሩት፤ ልክ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግድግዳ ላይ። ሰግደው ሲጨርሱ ጋቢውን አውርደው ለበሱት።

በሚቀጥለውም ሰላት እንደዚያው ሆነ፤ ከዚያም በኋላ እንደዚያው። እኔ አራስ ነኝ፣ አራስ አትሰግድም፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ልጁን እያጠባሁ ከማየት በቀር ሥራ የለኝም። ማየቱ አንገበገበኝ።

«አባትህ ሥራዬን አልወደዱትም፤ ሲሰግዱ በጋቢያቸው ይሸፍኑታል» አልኩት ባለቤቴን።

«ኧረ ተይ። ሙቀቱን አታዪም? ጋቢው ላብ ነክቶት ይድረቅ ብለው ይሆናል።»

እሱ እንደሆን የሚሰግደው ከባጃጅ ተራው አጠገብ ካለው መስጊድ ነው። ለሥራ ሲወጣ ጨለማ፣ ሲመለስ ጨለማ። ጋቢው ሲሰቀል መች አየ!

እናቴ እሁድ እመጣለሁ ብላ ላከች። ጁምዓ ዕለት አማቴ ወደ መስጊድ ወጡ። መስገጃቸው እንደተዘረጋ ነበር። ምኑ አስጠላቸው? እስቲ እሳቸው በሚያዩት በኩል ልየው ብዬ ልጁን አስተኛሁና መስገጃው ጫፍ ላይ ተንበረከክሁ። ቀና አልኩ። ወለል ላይ አንድ በአንድ ስሥላቸው አበባ የነበሩት፣ ከዚያ ዝቅታ ሆኜ ሳያቸው ተያይዘው መስቀል ሆነዋል። ረድፍ በረድፍ መስቀል፣ ከጥግ እስከ ጥግ። የእናቴ ነጠላ ጥለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሲሰበክ ከጎኗ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩት ያደግሁት ጥለት። እጄ ከዚያ ሌላ ምን ያውቃል?

እፍረቱ ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። እሳቸው ምን ብለው ይሆን? «ሰለምኩ ብላ ቂብላዬ ላይ መስቀል ደረደረች» ሳይሉ ይቀራሉ? ጋቢውን ሲሰቅሉ ባየሁ ጊዜ የተቆጣሁት ራሱ አሳፈረኝ። ቢላዋ አንስቼ ወረቀቱን ከጥግ ገነጠልኩት። ሙጫው ጉድ ነው፣ ወረቀቱ ብቻውን አልመጣም፤ ጭቃውንም ይዞ መጣ። ማቆም ነበረብኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ፋቅሁት፣ ቧጠጥኩት፣ ጭራሮው እስኪወጣ ድረስ አፈረስኩት። እሳቸው ሲመለሱ ወለሉ ሁሉ ፍርስራሽ፣ ጥፍሬ ሁሉ ጭቃ ነበር። ልጁ ያለቅሳል።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«አባባ ይቅር ይበሉኝ። ወላሂ አውቄ አይደለም። አበባ መስሎኝ ነው።»

«ዺሲ! ተይው፣ አታፍርሺው!» ብለው ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱት። ከዚያ መሬት ላይ ከወደቀው ቁራጭ አንዱን አነሱና አቧራውን እፍ አሉት። «የእናትሽ ነጠላ አይደል? ሰንበቴ ገበያ ስንት ዘመን ማሽላዬን የገዛችኝ ሴት ናት። ገና ከበር ስገባ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ይሸፍኑታል?»

«ለሰላቴ ነዋ። ስሰግድ እሸፍነዋለሁ፣ ስጨርስ እገልጠዋለሁ። እሁድ እናትሽ ስትመጣ ታየው ብዬ።»

ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም። ለዚህ ግን ምን ይባላል? እሳቸው ለአምላካቸውም ለእናቴም ቦታ አበጅተው ሲኖሩ፣ የእናቴን እጅ ከግድግዳዬ በቢላዋ የፋቅሁት እኔ ነኝ። የምጠላው ሰው ቢያደርገው ዕድሜ ልኬን አልምረውም ነበር።

«አብሽሪ» አሉኝ፤ መጥረጊያውን ከበር ኋላ አምጥተው ጭቃውን ራሳቸው መጥረግ ጀመሩ። እኔ ልጁን አቅፌ ፊቴን ወደ አልጋው አዞርኩ።

እሁድ እናቴ መጣች። ያንኑ ነጠላ ለብሳለች፣ ጥለቱ ደረቷ ላይ ነው። ሁለቱ ከአንድ ትሪ እንዲበሉ ብዬ ሥጋ የሚባል አላሰብኩም፤ ሽሮና ጎመን ነው የሠራሁት። የእግሯን ኮቴ ደጅ ላይ ስንሰማ አማቴ ተነሡ። የሰላት ሰዓት አልነበረም። ጋቢያቸውን አወረዱና በሁለቱ ሚስማሮች ላይ ወጠሩት፣ የፈረሰውን ሁሉ ሸፈነው።

ሰላም ተባባሉ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ማሽላው አወሩ፤ ሰንበቴ ላይ የተቋረጠ ወሬ እንደሚቀጥሉ ሁሉ። ልጁን ተቀብላ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ልጁን ስማ ቀና አለች።

«ጋቢዎ ምነው ግድግዳ ላይ ዋለ?»

«ላብ ነክቶት ነው፤ ይድረቅ ብዬ።»

እናቴ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደምትመርጠው የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር። ከጫፉ ሥር የተላጠው ጭቃና ተጣብቆ የቀረ አንድ ቀይ ቁራጭ ብቅ ብሏል። እሱን አየችው፣ የራሷን ነጠላ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጋቢውን መልሳ አስተካከለችው። እኔ ሽሮውን ላምጣ ብዬ ወጣሁ።