የዮን ቮድካና የጋሽ ወርቁ መሐላ

ያን እሑድ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን፣ አፓርትመንታችን ውስጥ የልጄ ክርስትና ድግስ ነበር። ዘመኑ በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ነው። ጆርጂያ ውስጥ እሑድ ሱቅ ቢራ ስለማይሸጥ ጠላ ጠምቄያለሁ... ጌሾ አጥሮኝ ቅራሪ ወጣ እንጂ።

የባለቤቴ አጎት ጋሽ ወርቁም ከነሚስታቸው መጥተዋል። አረቄ ትዳራቸውን አፍርሶባቸው፣ ሁለተኛ ላይቀምሱ በንስሐ አባታቸው ፊት ምለው ነው እትዬ ዘነቡ የተመለሱላቸው። ጠላ ግን ከመሐላው ውጪ ነው። «ጠላ እህል ነው» ይላሉ ሁለቱም።

ኪችን ስገባ ጎረቤታችን ዮን ቆሟል። የአይስላንድ ሰው ነው፤ ኤርፖርት አውሮፕላን ይጠግናል፤ ደግነቱ ልክ የለውም። አገሩ ቮድካ እንደልብ እየተሸጠ ቢራ በሕግ ክልክል መሆኑን አጫወተኝ። ድሮ መጠጥ ሁሉ ታግዶ ነበር፤ በኋላ ወይኑም አረቄውም ሲፈቀድ ቢራ ብቻ እንደታገደ ቀረ። ሰውን አለማምዶ ወደ አረቄ ይወስዳል ብለው ነው አለኝ። ሳቅኩ... ከልቤ ሳቅኩ።

«ታዲያ ሕጉ የተወልንን ቀጭን ቢራ በቮድካ እናበረታዋለን። ያንቺንም አበረታሁልሽ» አለና ባዶ ጠርሙስ አሳየኝ።

የጠላውን ጆግ ብፈልግ የለም። ሳሎን ገብቷል።

ሮጥኩ። ጋሽ ወርቁ ብርጭቋቸውን አጋምሰዋል። እትዬ ዘነቡ አጠገባቸው ልጄን አቅፈው ከሰው ጋር ይጫወታሉ። ጨነቀኝ። ጮክ ብዬ ብናገር ሴትዮዋን በሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ ዝም ብል ሰውየው ሊጠፉ ነው። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎት። ፈረንጁ ቮድካ ጨምሮበታል። ሳያውቁ ስለጠጡት መሐላ አላፈረሱም።»

ቀና ብለው አላዩኝም። ብርጭቆውን ግን ጠበቅ አደረጉት።

«ገና ስቀምሰው አውቄዋለሁ» አሉ በቀስታ። «ይሄ ሁለተኛዬ ነው... ለዘነቡ አትንገሪያት።»

እትዬ ዘነቡ ዘወር አሉ። «ምን አሉሽ?»

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ጠላሽ ጣፈጠኝ ነው የሚሉኝ።»

ፊታቸው በራ። «ይጠጡ እንጂ፣ እህል አይደል» ብለው ልጄን አስታቀፉኝና በገዛ እጃቸው ከጆጉ ሞሉላቸው።

በአይስላንድ ሕግ መሳቄን እስከዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።