ያልተላከችው ጀልባ

ጋሽ ሚልኪያስ ሸዋ ሮቢት ከወረዱ ወዲህ ዋና ሥራቸው ከፀሐይ መሸሽ ሆኗል። ጠዋት ግቢው ውስጥ ባለችው የኒም ዛፍ ሥር፣ ከሰዓት በረንዳው ላይ ወንበራቸውን እየጎተቱ ይውላሉ። ወደ ከተማው ተመድባ የመጣችው ነርሷ ልጃቸው ያብስራ ናት፤ እሳቸው ሚስታቸው ስታርፍባቸው ልጃቸውን ተከትለው መጡ።

ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን የፈጁት በአባያ ሐይቅ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ነው። ገና ጎልማሳ ሳሉ ቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌል እንዲሰብኩ ስትልካቸው፣ ለጥቂት ጊዜ ነው ብላቸው ነበር። ፀጉራቸው እዚያው ሸበተ። የሰዉን ቋንቋ ለመዱ፣ መረብ መጣል ለመዱ፣ ስንቱን አጋቡ፣ ስንቱን ቀበሩ።

አንድ ቅዳሜ ምናሴ የሚባል ወጣት ከቤተ ክርስቲያኗ ዋና ቢሮ ካሜራ ይዞ መጣ። የምሥረታ በዓል ስለደረሰ የአንጋፋ አገልጋዮችን ታሪክ እየዞረ ይቀርጻል። ጋሽ ሚልኪያስ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ደርበው ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ከድሉ እንጀምር። ጸሎት ቤቱ የተመረቀ ዕለት ምን ተሰማዎት?"

"ተናደድኩ" አሉ።

ምናሴ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

"የለመንኩት ጀልባ ነበራ!" አሉ ጋሽ ሚልኪያስ። ደሴቷ ላይ ሐኪም የለም። የታመመ ሰው ወደ ማዶ የሚሻገረው በታንኳ ነው፤ ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ታንኳም አይወጣም። ሞተር ያላት አንዲት ጀልባ እንድትገዛላቸው በየስብሰባው ቆመው ለመኑ። "እንጸልይበታለን" ይሏቸዋል። አንድ ቀን ከማዶ ዕቃ መጣ ሲባሉ ወደ ዳርቻው ሮጡ። የመጣው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው፤ ጸሎት ቤት ይሠራበት ተባለ። ሰዉ ግን ዛፍ ሥር ሲዘምር ኖሯል፣ ጣሪያ አማረኝ ያለ አልነበረም።

"በዚያው ክረምት የጎረቤቴን ሚስት ብዙነሽን ምጥ ያዛት። ሐይቁ ይናወጣል። ከባሏ ጋር ዳርቻው ላይ ቆመን ነፋሱ እስኪተኛ ጠበቅን። ነፋሱ ሲተኛ እሷም የለች፣ ልጇም የለ። የቀብሯ ዕለት ባሏ ያንን አዲስ ቆርቆሮ እያየ፣ 'ይሄ ነገር ይንሳፈፋል ወይ?' አለኝ። ምን ልበለው?"

ምናሴ ካሜራውን አጠፋ። "ጋሼ፣ እኛ የምንፈልገው ሰዉ እንዲበረታታ ነው። ወደ ጌታ ስለመጡት ነፍሳት ቢነግሩኝ…"

"ብዙነሽ ነፍስ አልነበረችም?"

"ነበረች፣ ግን…"

"ግን ምን?"

ውሃ ይዛ የገባችው ያብስራ በዓይኗ ተቆጣቻቸው። ልጁ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው፤ እሺ አሉና ስለ ጥምቀቱና ስለ ዝማሬው አወሩለት። ሐሰት አላወሩም። ሐይቁ ውስጥ ቆመው ሲያጠምቁ በደስታ ያለቀሱባቸው ቀኖችም ነበሩ። ብቻ እያወሩ ሳለ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነባቸው።

ሰንበትበት ብሎ ፊልሙ ሸዋ ሮቢት በምትገኘው ትንሽ ጸሎት ቤታቸው ለምእመኑ ታየ። የምትጠልቅ ፀሐይ አለች፣ ቆርቆሮው ሲያብረቀርቅ አለ፣ እሳቸው ሲስቁ አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሽ ሚልኪያስ ተነሥተው ማይኩን ያዙ።

"አንድ የቀረ ነገር አለ" አሉና የብዙነሽን ነገር ከነስሟ ተናገሩ። መድረክ መሪው ማይኩን በትሕትና ከእጃቸው ወስዶ፣ "አባታችን የአገልግሎትን መሥዋዕትነት ነው ያስታወሱን። አሜን በሉ!" አለ። አሜን ተባለ፤ መዝሙርም ተነሣ።

መዝሙሩ ሳያልቅ ወጡ። በር ላይ ጎረቤታቸው አብዱረሂም ባጃጁን አቁሞ ይጠብቃቸዋል።

"ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ጠቆረ?"

መንገዱን ሙሉ ሲነግሩት ሄዱ። አብዱረሂም፣ "አላህ ይዘንላት" አለና፣ "ከዚያስ፣ ጀልባዋ መጣች?" ብሎ ጠየቀ።

"አልመጣችም። ኋላም ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻውን በላው፣ ጸሎት ቤቱም ውሃ ገባበት። ከሰዉ ብዙው ማዶ ሰፈረ።"

"ታዲያ እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን ለምን ቆዩ?"

"እኔ ብሄድ ማን ይለምንላቸዋል ብዬ ነዋ! ቆየሁ፣ ለመንኩ፣ አልተሰጠኝም። አሁን ደግሞ በረከትዎ ይድረሰን ይሉኛል።"

"እኛም ጋ ያው ነው" አለ አብዱረሂም። "ለመስጊድ ሚናራ የሚያዋጣ አይጠፋም። ወንዙ ሲሞላ ለሚያሻግረን ድልድይ ነው ሰው የሚታጣው።"

ቤት ሲደርሱ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ማዶ ወደ ሰፈረው የብዙነሽ ባል ደወሉ። በደሴቷ ቋንቋ፣ "ዛሬ ስሟን በጉባኤ ፊት ጠራሁ" አሉት።

"ምን አሉ?"

"አሜን አሉ።"

ሰውየው ወሬውን ወደ ሌላ አዞረ፤ ዘንድሮ ዓሣ መጥፋቱንና የልጅ ልጁ ትምህርት መጀመሯን አወራ። ጋሽ ሚልኪያስም ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ የልጅቷ ስም ማን እንደሆነ ጠየቁት።