የአማቴ ምርቃትና ራሱን ብቻ የሚሰማው ላፕቶፔ

የሚስቴ ታናሽ እህት ባል ቡራዩ ላይ ቤት ሠራ። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ያለ ቃር ተናግሬያት አላውቅም። ጣሪያው ከሰበታ ይታያል ብላችሁ እመኑኝ፤ እኔ ሰበታ፣ ከቤቴ በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። በመሐል ተራራና ግማሽ አዲስ አበባ አለ ትሉኝ ይሆናል። የቅናት ዓይን ተራራ አያግደውም።

ሰውዬው ራሱ ለጥላቻ አይመችም። ቢሰክር፣ ቢዋሽ፣ ሚስቱን ቢገላምጥ እንኳ ትንሽ ባረፍኩ ነበር። አያደርገውም። ሱሉልታ የእንጨት መሸጫ አለችው፤ ከዚያ ሲመለስ ለሚስቴ ቅቤ፣ ለእኔ ካልሲ ይልካል። ካልሲው ስጦታ ይሁን አስተያየት እስካሁን አልደረስኩበትም።

ቤቱንም ካልሲውንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት አማቴ እሱን የሚጠሩበትን ስም ነው። አማቴ ተፍኪ አጠገብ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ኦሮምኛንና አማርኛን እንደ ሁለት በሬ ጠምደው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያርሱ። ያንን ሰው ሲጠሩ «ኢልመ ኮ» ይሉታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔን «ሶዳ» ይሉኛል። ሶዳ አማች ነው። ስድብ አይደለም፣ እንዲያውም እውነት ነው፤ ግን ከሱ ቀድሜ ያገባሁ እኔ! ትልቋን ያገባሁ እኔ! «ሶዳ» ባሉኝ ቁጥር መታወቂያ የተጠየቅሁ ይመስለኛል።

ቤቱ ያለቀበትን ሰሞን ነገር የኖረበት ያውቀዋል። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደ ጎረቤቶቿ ሊዘረጋ ነው ተብሎ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ሰልፍ ነበር፣ ለቅሶ ነበር፣ ልጁ እስኪመለስ በሩ ላይ ቆሞ የሚውል አባት ነበር። ሰበታ መዳረሻ ዓለም ገና ላይ አስፋልቱ ድንጋይ ለብሶ ያድራል። እኔ ቀልዴን ወደ ቤት አስገብቼ ነበር፤ ውጭ የሚስቅ ጥርስ አልነበረም።

አማቴ አዲሱን ቤት ሊመርቁ ወደ ቡራዩ ተነስተው እኛ ዘንድ ያደሩት በዚህ መሐል ነው። አደሩ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ቀሩ። እግረኛ ያልፋል፣ መኪና አያልፍም፤ የአማቴ ጉልበት ደግሞ ከጓዳ እስከ በር ካደረሳቸው ተመስገን ነው።

ቡራዩ በኩል የሚስቴ እህት ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። የተከራዩትን ቤት የሚለቁት በዚያው ዕለት ነበር፤ አዲስ ተከራይ ዕቃውን ጭኖ ሊመጣ ነው። አዲሱ ቤታቸው ቁልፉ በእጃቸው፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። እሷ ግን ወይ ፍንክች! አባት ያልመረቀው ቤት ለነሱ ጣሪያ የለበሰ ሜዳ ነው። «አባዬ ሳይመርቅ እግሬን አላስገባም፤ እዚያም አልወልድም» አለች።

«ታዲያ በስልክ ይመርቋት» አልኩ።

አማቴ በዱላቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ኔትወርኩን አታውቀውም እንዴ፣ ሶዳ? ‹ሆራ› ብዬ ‹ቡላ› ሳልል ቢቋረጥስ? የተቆረጠ ምርቃት ማን ይቀጥለዋል?»

ሆራ ቡላ፣ ተባዙ ኑሩ ማለት ነው። ተባዙ ተብሎ ኑሩ ሳይባል ከቀረ በእርግጥ ነገሩ ያስፈራል።

ወዲያው ያው ባለ አዲሱ ቤት ሰውዬ ደወለ። «ጋሼ» አለኝ፤ ታናሽነቱን አይረሳም፣ ይሄም ያናድደኛል። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ላፕቶፕ አለህ። አባን ቅዳልኝና በፍላሽ ላክልኝ።»

ጎረቤታችን ከምሳ በኋላ በእግሩ ተሻግሮ ቡራዩ እህቱ ዘንድ ሊሄድ ነበር፤ ፍላሹን እሱ ይይዛል ተባለ። የኔም የሚስቴም ስልክ ባለ ቁልፍ ናቸው፤ ከመደወል ሌላ የሚያውቁት ባትሪ መብራት ብቻ ነው። እናም የዚያን ሰው ቤት ምርቃት፣ በኔ ላፕቶፕ፣ በኔ እጅ! ሚስቴ ፊቴን አይታ፣ «ጥርስህን አታፋጭ፣ ይሰማል» አለችኝ።

ስለ ላፕቶፑ ልናገር። እኔ ማመልከቻና የኪራይ ውል እየተየብኩ ነው የምኖረው። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ጠግቦ ስለሚመጣ፣ በላፕቶፔ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫንኩ። ነፃ ነው፤ ሆዱን ከፍቶ ማየት ለማንም የተፈቀደ ነው፤ ቫይረሱም በሩን አያውቀውም። ከዚያ ወዲህ የሰበታ ሰው ሁሉ ሊቅ አድርጎ ነበር የሚያየኝ፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አድርጌ ነግሬው ነበር። ድምፅ ቀድቼበት ግን አላውቅም።

አማቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊቱ ተቀመጡ።

«ጆሮው የት ነው?»

ከስክሪኑ በላይ ያለችውን ቀዳዳ አሳየኋቸው። የቁንጫ ዓይን ታክላለች።

«በዚህች ነው ቤት የሚያህል ነገር የሚያልፈው?»

«ያልፋል፣ አባባ። መጀመሪያ እንሞክረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይበሉ።»

«ላም ነው የምቆጥረው?» አሉ። «እኔ ለመመረቅ አፌን ካሟሸሁ ከንቱ ነገር አልናገርም። ከሞከርክም በምርቃት ሞክር።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና ላፕቶፑን መረቁት። «አንተ ብረት፣ ጆሮህ ይከፈት፣ ባለቤትህን አታሳፍረው።»

«አሜን» አልኩ። አሜን የሚል ከሌለ መመረቅ የለም፤ ምርቃቱን የሚያጸናው ተቀባዩ ነው።

መልሼ ከፈትኩት። ድምፁን የሚያሳየው መስመር እንደ ተፍኪ ሜዳ ለጥ ብሏል። ጸጥ። ብረቱ ባለቤቱን አሳፈረ።

ስክሪኑ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ ጻፍኩበት፤ የድምፅ ማስተካከያዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው መጡ። ማይክ ከሚለው ሥር ሁለት ኤም ተጽፏል፤ ታፍኗል ማለት ነው። የኤምን ቁልፍ ነካሁ፣ ተከፈተ። እንደ ቀዶ ሐኪም ላቤን ጠረግሁ።

«አሁን ይሰማል፣ አባባ። ይድገሙት።»

«አንዱን ነገር በአንድ ቀን ሁለቴ አልመርቅም። እግዜር ረሳው ልበል?» ዞር ዞር ብለው የሚመረቅ ፈለጉ። ግቢያችን ውስጥ የምትጭር አንዲት ዶሮ ነበረችን፤ እሷን መረቁ። ጫጩቷ እንደ ጤፍ ይብዛ፣ ጭልፊት ዓይኑ ይጥፋ። እኔ ደግሞ እሳቸው ሲናገሩ የድምፁን ቁልፍ ሽቅብ እየገፋሁ ነበር፤ በገፋሁት ቁጥር ላፕቶፑ «ጡብ» ይላል።

መልሼ ስከፍተው ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ጡብ። ጡብ። ጡብ። ሽማግሌው የሉም፣ ዶሮዋ የለችም፣ የኔ አሜን የለም። የላፕቶፑ የራሱ ጡብታ ግን ጥርት ብሎ ተቀድቷል።

ያኔ ገባኝ። የመቅጃውን ሴቲንግ ገልጬ አየሁ፤ ድምፅ የሚቀበልበት ቦታ ላይ የተመረጠው ማይኩ ሳይሆን «ሞኒተር» የሚለው ነው። ማለት፣ ላፕቶፑ ከራሱ የሚወጣውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያዳምጠው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩንም አያውቅም። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬን፣ ራሴን፣ ያገኘሁ መሰለኝ። መፍትሔው አንዲት ጠቅታ ናት። ሞኒተር የሚለውን ትቶ ማይክ የሚለውን መምረጥ፤ አበቃ።

ጣቴ እዚያ ደርሳ ነበር። ልክ ያን ጊዜ አማቴ፣ «እንግዲህ ምን ቀረ የሚመረቅ?» ብለው ቤታችንን ቃኙ። የተከራየናት አንዲት ክፍል ናት፤ ለመቃኘት አንገት ማዞር አያስፈልግም። ዓይናቸው መጥቶ እኔ ላይ አረፈ።

«እስቲ አንተን ልመርቅህ» አሉ።

ጣቴን ሰበሰብኩ።

ማይክ ባልተመረጠበት፣ ጆሮው ለራሱ ብቻ በተከፈተ ላፕቶፕ ፊት፣ አማቴ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እጅህ ይባረክ። የምትጽፈው ወረቀት ሥራ ያግኝ፣ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተት። በሰው ጣሪያ ሥር የቆየህ፣ የራስህ ጣሪያ ያፍስብህ። (ማፍሰሱንም አልጠላሁት፤ የራሴ ይሁን እንጂ!) መሬቱን በካርታ የሚከፋፍሉትን ልብ ይስጣቸው፤ አንተን መሬት አይንሳህ። ተናግረው ተናግረው መጨረሻ ላይ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ሆራ ቡላ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ።

ኢልመ ኮ!

አሜን ስል ድምፄ ተሰነጠቀ። ይህችን ቃል አንዴ ሰምቶ የሚበቃው ሰው ካለ እሱ ቡራዩ ላይ ቤት የሠራ ሰው ነው።

«ያዘ?» አሉኝ።

«አልያዘም፣ አባባ» አልኩ። ውሸት አይደለም። አልያዘም።

«ምን ነካው?»

«የባሰበት ይመስለኛል። እስቲ ሌላ ይጨምሩበት።»

ጨመሩበት። ጤናዬን መረቁ፣ ዓይኔን መረቁ፣ የተረፈችኝን ፀጉር መረቁ። እኔ ቁልፎቹን ያለ ሥራ አንኳኳለሁ፣ አስመስዬ እተክዛለሁ፣ አሜን እላለሁ። ስንት ዓመት ወደ ቡራዩ ሲፈስ የኖረ ወንዝ ዛሬ በድንጋይ ተገድቦ ወደ ሰበታ ዞሯል፤ ማን ሞኝ ነው ግድቡን የሚያፈርሰው?

ሚስቴ ስልክ በጆሮዋ ይዛ ከጓዳ ወጣች። «አዲሱ ተከራይ ገብቷል» አለች። «ዕቃቸው ውጭ ነው። እህቴ በዚህ ሆዷ ግቢው መሐል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ደመናውም መጥቷል። አልገባም ብላለች።» ቀጠለችና፣ «ጎረቤትም ጫማውን እያሰረ ነው» አለች። ከዚያ ላፕቶፑንና እኔን አፈራርቃ አየች።

የዚህ ሁሉ ዓመት ቅናቴ አንድ ላይ ተሰብስቦ እንኳ ያችን ፍራሽ ከዓይኔ ሊያነሳት አልቻለም። ጠቅ አደረግሁት።

ማይኩ ተመረጠ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ በዘይት የሚጠበስ ነገር ይመስል ነበር፤ የማይኩ ማጉያ እስከ ጣሪያ ተለቆ ነው። ወደ ታች ሳብኩት፤ የሽማግሌው ሳል እንደ ሰው ሳል ሆነ።

«ተሠራ እኮ!» አሉ አማቴ ተደንቀው። «የመጨረሻው ምርቃት ነው የያዘው።»

ሚስቴ ጎረቤቱን በአንድ እግሩ ጫማ እንደ አደረገ ጎትታ አስገባችው። አከራያችንም መጡ። ተቀባዩ በዛ። አማቴ ቆመው፣ ስለዚያ ቤት ያለ የሌለውን ምርቃት አዘነቡ። ምሰሶው ይጽና። ልጁ በደኅና ይምጣ። በሩ እንግዳ አይጣ። በየመሐሉ ኢልመ ኮ፣ ኢልመ ኮ። እኔ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ነበር፤ ያቺ የቁንጫ ዓይን ደግሞ ትክክል በአፌ ትይዩ ናት። ስሙ በተጠራ ቁጥር የምመልሰው አሜን እንዴት ያለ አሜን ነበር መሰላችሁ! ተፍኪ ያለ ከብት ሳይቀር ቀና ብሏል።

ፍላሹ በእግረኛ ተሻገረ። ዝናቡ ሳይጥል ገቡ። ከቀናት በኋላ ሴት ልጅ ወለዱ።

ሰውዬው ሊያመሰግን ደወለ። «ጋሼ፣ ገላትኦማ፣ እግዜር ይስጥልን። ብቻ ያንተ አሜን ከአባ ድምፅ በላይ ሆነብን። ጎረቤቶች ‹ቤቱ የማን ነው? የዚህ የሚጮኸው ሰውዬ ነው እንዴ?› አሉኝ እኮ!» ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ነግሬያችኋለሁ።

አማቴ አሁን የሉም። እሱ ግን በየበዓሉ ያቺን ፍላሽ ትልቁ ስፒከር ላይ ይሰካል። ሽማግሌው ከተኙበት ተነስተው ይመርቁታል፤ ኢልመ ኮ ይሉታል፤ ቤቱ ሙሉ ሰው አሜን ይላል። የኔ የተመረቀ ቤት የለም፣ የተቀዳ ድምፅም የለኝም። ከዚያ ቀን የቀረልኝ ፋይል ሦስት ጡብታ ነው። እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።

ባለፈው ፋሲካ አላስችል አለኝ። ስፒከሩ ዝም ሲል፣ «እኔንም እኮ ኢልመ ኮ ብለውኛል» አልኩ።

«መቼ ጋሼ?» አለ፣ ደስ ብሎት።

«ያንኑ ዕለት። ካንተ በፊት።»

«ታዲያ ለምን አልቀዳኸውም?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ያን ቀን ጓዳውና ክፍሉ መሐል ያለው መጋረጃ ብቻ ነበር፤ ሁሉን ሰምታለች።

«ንገሪያቸው» አልኳት።

ሚስቴ እህቷን አየች፣ ቀጥላ እኔን። «እነግራቸዋለሁ» አለች በለሆሳስ። «አባዬ ምን እንዳለህም፣ ስልኩ ከተደወለ በኋላ ላፕቶፑ እንዴት በአንዴ እንደተሠራም። ሁለቱንም ነው የምነግራቸው። ልጀምር?»

የሚስቴ እህት ያቺን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቀን ነበር።

«የለም፣ የለም» አልኩ። «እስቲ ያንን ፍላሽ መልሳችሁ ክፈቱት።»