የግድግዳ ማብሪያ የተገጠመላት መኪና

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። ሠፈሩ «ሶኬት» ይለዋል። በስሙ የምትጠራው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ጡረታ ወጥቶ የሚነካካው ግድግዳ ሲያጣ ዓይኑን መኪናው ላይ ጣለ። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አባቴ ግን ሰው ፊት ከእኔ ይልቅ እሷን ያሞግሳል። ቅናት አይደለም፣ የሆነውን ነው የምናገረው።

ነገር የተበላሸው ለቅሶ ቤት በር ላይ ነው። እናቴ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ፊቷን ለሐዘን አዘጋጅታ ከመኪናዋ ወረደችና በሩን ዘጋች። በሩ ሲዘጋ ጥሩምባው ጮኸ። ጮኾም ዝም አላለም። ለቀስተኛው ሁሉ ወጥቶ ያየን ጀመር። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ አንዱን ሽቦ ሲጎትት የዝናብ መጥረጊያው ተነሣ፤ ሌላውን ሲጎትት ሬዲዮው ዘፈኑን ለቀቀው። በመጨረሻ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ገላገለን። እናቴ የዚያን ቀን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም፤ ንዴት አድርቆት ነበር።

ቤት እንደገባን መኪናዋ ትሸጥ አለች። የሚገዛትም ሰው ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባትም፤ ዳቦ ቤት ያለው ወጣት ጎረቤታችን ለዳቦ ማመላለሻ መኪና ሲፈልግ ኖሮ በሳምንቱ መጨረሻ መጥቶ ሊሞክራት ተስማማ። አባቴ እስከዚያ ድረስ ብቻ እንድትታገሠው ለመናት። ካስተካከልኳት ትቅር፣ ካቃተኝ ትሂድ አለ። እሱና መኪናዋ አብረው ያረጁ ናቸውና አንጀቴን በላው። እናቴ ቡናዋን መቁላቷን ቀጠለች፤ እሱም እንደ እሺታ ቆጠረው።

ዳሽቦርዱ ሲፈታ የወጣውን ጉድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአባቴ በፊት መኪናዋን የነዳ ሁሉ የየራሱን ሽቦ ጨምሮባት ሄዷል። አንዱ ለማንቂያ ደወል፣ አንዱ ለቴፕ፣ አንዱ ዛሬ ለሌለ ማራገቢያ። ፕላስተር በፕላስተር ላይ ተጠቅልሎ ጉንጉኑ የሰው ክንድ አክሏል። ከባትሪው ተነሥቶ፣ መኪናዋን አቋርጦ፣ ወንበር ሥር ሲደርስ ዝም ብሎ የሚያልቅ ሽቦ ሳይቀር ነበር። አባቴ ይህን ሁሉ ሲያይ መኪናዋን ማቅለል እንጂ መጠገን አያዋጣም ብሎ ቆረጠ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር።

ልክ ያልሆነው እንደ ቤት ማሰቡ ነው። ቤት ውስጥ አንድ አምፖል፣ አንድ ማብሪያ ነው፤ ሰው ሳይነካው የሚበራ መብራት ካለ ብልሽት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ፍሬን ሲረገጥ የኋላውን መብራት የሚያበራውን ዕቃ «አንተን ማን አዘዘህ» ብሎ ነቀለው። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ትንሽ ሣጥንም አወጣው፤ የሚቆራረጥ መብራት ዕድሜ ልኩን ሲያክም የኖረው በሽታ ነዋ። ትርፉ ሽቦ አንድ ጆንያ ሞላ። በምትኩ ጥሩ ተደርጎ በተላገ ጣውላ ላይ ነጫጭ የግድግዳ ማብሪያዎች ደረደረ፤ ለጥሩምባውም የበር ደወል መጥሪያ ገጠመለት፣ የደወል ሥዕሉ እንኳ አለበት። ጣውላውን ያሰረው ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ፊት ለፊት ነው። ለምን እዚያ ስለው የእኔ እጅ መሪ ላይ ነው አለኝና ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት በሚል ዓይን አየኝ። የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ እንጥራ ብዬ ስጨምርበት ደግሞ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ለሙከራ የወጣን ዕለት እናቴ እህቷ ጋ ትሄድ ነበር። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከመቆም ብላ ፊቷን አጨፍግጋ ከፊት ገባች፤ እኔ ከኋላ። ገና ከግቢ እንደወጣን አባቴ «ፍሬን» አለ።

«ፍሬን ምን?»

«አብሪዋ። ከኋላ ያለው ሰው መቆማችንን ይወቅ እንጂ።»

አበራች። ወደ ግራ ስንዞርም የግራውን አበራች፤ እሱ ግን ፍሬቻ በርቶ አይቀርም፣ አብሪ አጥፊ፣ አብሪ አጥፊ እያለ ጨቀጨቃት። በጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርግ ጀመር። መጀመሪያ በንዴት ነበር። ትንሽ እንደሄድን ስልቱ ገባት። ብዙም ሳይቆይ አባቴ መናገር አላስፈለገውም፤ የት ላይ ፍሬን እንደሚይዝ ከእሱ ቀድማ ታውቃለች፣ ስንት ዓመት አብራው ኖራ።

አንድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ግን ሳይታሰብ የቀኙን ጠቅ ጠቅ አደረገች። አባቴ መንገዱ ቀጥታ ነው ብሎ ሊሟገት ሞከረ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ፍሬቻውን አምነው መንገድ ለቀውልን ስለነበር ማፈሪያ ላለመሆን ታጠፈ። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆምን። እናቴ አድርሰኝ እያለች ስንት ጊዜ ለምናው ጆሮ ዳባ ልበስ ያላት ቦታ ነው። ወርዳ ልብሷን ይዛ ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ የሽያጩ ቀጠሮ ግን እንዳለ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አባቴ ቁልፉን በሸሚዙ ጠርጎ ለባለ ዳቦ ቤቱ ሰጠው፤ ትንሽ አቅልያታለሁ አለውና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እናቴ ላሳየው ብላ ከፊት ገባች፣ እኔም ተከተልኳት። ልጁ መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዝ እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ከኋላ የሚመጣው መኪና ለጥቂት ሳተንና ጥሩምባውን አንባረቀብን። ልጁ ላብ አጠመቀው፤ ዳር ይዞ ቆመና በመሪው ዙሪያ ይዳብስ ጀመር።

«እትዬ፣ ፍሬቻው የት ነው?»

«ፍሬቻው እኔ ነኝ» አለችው።

«የፍሬን መብራቱስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «እኔን ደግሞ ማንም አይሸጠኝም፣ ልጄ።»

ልጁ ቁልፉን እዚያው ትቶ ወረደ፤ ገና ከግቢያችን ብዙ አልራቅንም ነበር። አባቴ ከግቢው በር ላይ ሆኖ ልጁ ብቻውን በእግሩ ሲመጣ አየና ባለበት ደርቆ ቀረ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ክፉ ነገር የደረሰብን እንደመሰለው ግን ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። ይሄኔ እናቴ የበር ደወሉን መጥሪያ ተጫነችው።

አባቴ በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ። ገብቶ መሪውን ያዘ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ አቧራ ነው አለ። እናቴ የግራውን ማብሪያ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመረች። ወዴት ነው ብሎ አልጠየቃትም፤ መሪውን ወደ ግራ አዞረ።